አስታማሚውም ይሠልጥን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁ ስለ ስኳር ሕመም፣ ስለ ኩላሊትና ስለ ደም ሥሮች መጥበብ የሚያወጣቸውን ጽሑፎች ለዓመታት ተከታትያለሁ፤ የተማርሁባቸውም ብዙ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የሚያበቁት ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምና ክፍል በሰላም ወጣ በሚለው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ስላለው፣ ማለትም አንድ እግሩን ያጣ ጽኑ ሕመምተኛ ወላጅ ወደ ቤቱ ተመልሶ በሩን፣ አልጋውንና የገዛ ልጆቹን እንደ አዲስ ስለሚለምድበት ረጅም ጊዜ፣ ያለፍሁበት ነገር ስለሆነ ጥቂት ልጽፍ ተነሣሁ። የምጽፈው ሐዘኔን ለማካፈል አይደለም። አባቴን ላለፉት አንድ ዓመት ከአምስት ወራት ሳስታምም ከሠራኋቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ በፍቅር የተሠሩ ናቸው፤ አንድ ባለሙያ ግማሽ ቀን ቁጭ አድርጎ ቢያሳየን ኖሮ ግን አብዛኞቹ ባልደረሱ ነበር።

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ከስኳር ሕመም ጋር ኖረዋል፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ኩላሊቶቻቸው በመድከማቸው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል፣ የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ። የእግራቸው ነርቭ ከደነዘዘ ቆይቶ ስለነበር፣ በግራ እግራቸው ትንሿ ጣት ሥር የወጣችውን ቁስል ያወቅናት እሳቸው አሟቸው ነግረውን ሳይሆን እኔ ካልሲያቸው ላይ እርጥበት አይቼ ነው። በስኳር ሕመም ምክንያት ከሚቆረጡ እግሮች 85 በመቶ ያህሉ መነሻቸው እንዲህ ያለ የእግር ቁስል መሆኑን የተረዳሁት ከረፈደ በኋላ ነበር። በቂ ደም የማይደርሰው ቁስል አልሽር አለ፤ ኢንፌክሽኑ አጥንት ዘልቆ ገባ፤ በመጨረሻም ጉዳዩ እግሩን የማትረፍ ሳይሆን ሕይወታቸውን የማትረፍ ሆነ።

የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራነው ገና ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ እየያዝን ስለ አባታችን እግር ስንመክር፣ ከግድግዳው ወዲያ የተኙት አባታችን ምንም አልተነገራቸውም ነበር። “ልባቸው አይችለውም” እንባባል ነበር። ሐኪሙ በኋላ ትዕግሥታቸው አለቀና እኛን አልፈው ገብተው፣ አልጋቸው አጠገብ ወንበር ስበው ተቀምጠው ነገሩን በግልጽ አስረዷቸው። አባቴ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ “ጉልበቴ ይተርፋል?”

ሦስታችንም በሳምንት ሙሉ ምክክር ያላሰብነው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ከጥያቄዎች ሁሉ ዋናውም ይኸው ነበር። ከጉልበት በታች እግሩ የተቆረጠ ሰው በሰው ሠራሽ እግር ሲራመድ፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ጤናው ሁኔታ፣ ሁለት እግር ካለው ሰው ከ25 እስከ 40 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ ኃይል ያወጣል። ከጉልበት በላይ ሲሆን ግን ጭማሪው 60 በመቶ ይደርሳል፤ የደም ሥር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ከዚያም በጣም ይበልጣል። ልቡና ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ይህ ልዩነት ክፍሉን አቋርጦ መሄድ በመቻልና ባለመቻል መካከል ያለ ልዩነት ነው። ቋንቋችን ለመገጣጠሚያውም ለብርታቱም አንድ ስም ሰጥቶ ሁለቱንም ጉልበት ማለቱ በከንቱ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። የአባቴ ጉልበት ተረፈ።

ከሆስፒታል የወጣንበትን ቀን ሳስበው አሁንም ይገርመኛል። የመድኃኒት ከረጢት፣ የቀጠሮ ወረቀትና “ቁስሉ እንዳይነካካ” የሚል አንድ ቃል ይዘን ነው የወጣነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ባለሙያዎቹ ደክመው የሚሠሩ፣ ከእኛ በኋላም ወረፋ የሚጠብቃቸው ሰዎች ስለነበሩ ወቀሳዬ በግለሰቦች ላይ አይደለም። ነገር ግን ፋሻው እንዴት እንደሚጠመጠም፣ ሕመምተኛው ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር እንዴት እንደሚሻገር፣ እግሩ እንዴት ሆኖ ማረፍ እንዳለበት ያሳየን አንድም ሰው አልነበረም። ለአዲስ ስልክ እንኳ መመሪያ ይሰጣል።

ስለ ትራሱ ልናገር። አባቴ ቤት ከገቡበት ሌሊት ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል፣ ከጉቶው ሥር ሁለት ለስላሳ ትራሶች ደራርበን ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገን እናስተኛቸው ነበር። ጉቶ የሚለውን ቃል እኔ በአፌ ለመጥራት እፈራው ነበር፤ ያስለመዱን ራሳቸው አባቴ ናቸው፤ “ስም ከሌለው እንዴት ይታከማል?” ብለው። ትራሱ ሕመሙን ያቀልላቸው ነበር፤ እሳቸውም ያመሰግኑን ነበር፤ እኛም በየሌሊቱ ትራስ በማስተካከላችን ጥሩ ልጆች የሆንን ይመስለን ነበር። በአራተኛው ሳምንት ያየቻቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጉቶውን በእጇ ይዛ ቀስ ብላ ልታቀናው ስትሞክር ጉልበቱ አልዘረጋ አለ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንደታጠፈ የሚቆይ መገጣጠሚያ ጡንቻውና ጅማቱ እያጠረ ሄዶ በዚያው ይደርቃል፤ የማይዘረጋ ጉልበት ደግሞ ሰው ሠራሽ እግር ለመልበስ አይመችም። ሐኪሞቹ ብዙ ደክመው ያተረፉትን ጉልበት እኛ በትራስ ልንነጥቃቸው ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር የፈጀብን።

ያንን ለማስመለስ ሁለት ወር ተኩል ፈጀ። ትራሱ ተወሰደ፤ እግሩ አልጋው ላይ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ ተደረገ፤ በተሽከርካሪው ወንበር ላይ ሲቀመጡም ጉቶው ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንዳይውልና እንዳያብጥ ከጭናቸው ሥር የሚገባ፣ ወደ ፊት የወጣ ጣውላ ተበጀላቸው። የዳሌ መገጣጠሚያም እንዲሁ ታጥፎ እንዳይደርቅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለሃያ ደቂቃ ያህል በሆድ መተኛት ይመከራል፤ አባቴ ግን ከእጥበት ቀን በፊት ሰውነታቸው ውኃ ስለሚይዝና ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው በሆዳቸው መተኛት አልቻሉም። ባለሙያዋ ለዚህም መላ ነበራት፦ በጀርባቸው ተንጋልለው፣ ደህናውን እግር በሁለት እጃቸው ወደ ደረታቸው ስበው፣ የተቆረጠውን ጭን ፍራሹ ላይ አጥብቀው እንዲጫኑ አስተማረቻቸው። ይህን ለማሳየት የፈጀባት ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም።

ፋሻውም የራሱ ጥበብ አለው። ታላቅ ወንድሜ እንደ ክር ማጠንጠኛ ዙሪያውን ደጋግሞ ይጠመጥመው ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ፋሻው እንደ ቀለበት ያንቃል፣ ጫፉ ያብጣል፣ ደምም በደንብ አይዘዋወርም። ትክክለኛው አሠራር የ8 ቁጥርን ቅርጽ እየሠሩ በአግድሞሽ መጠምጠም፣ ጫፉ ላይ ጠበቅ አድርጎ ወደ ላይ ሲወጡ ላላ ማድረግ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜም ፈትቶ እንደገና ማሰር ነው። ጉቶው ለሰው ሠራሽ እግር የሚመች ቅርጽ የሚይዘው በዚህ ነው። እኔ በልምምድ ቻልሁበት፤ ወንድሜ እስካሁን አልቻለበትም፤ በምትኩ ወደ እጥበት የሚያመላልሳቸው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ በጣም ወደማፍርበት ነገር ልምጣ። ቤት በገቡ በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ፣ አባቴ ሌሊት ላይ ሲያቃስቱ ሰምቼ ተነሣሁ። “አውራ ጣቴን አንድ ሰው ወደ ኋላ እየጠመዘዘው ነው” አሉኝ። የትኛው እግር እንደሆነ ስጠይቃቸው የሌለውን አሳዩኝ። እኔም፣ ማረጋጋቴ መስሎኝ፣ “አባባ፣ እሱ እግር እኮ አሁን የለም” አልኋቸው። አባቴ ዐይኔን ትኩር ብለው አዩኝ፤ ከዚያም “እሱንማ አውቃለሁ፣ ልጄ” ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ለአንድ ወር ያህል ስለ ሕመማቸው አንዲት ቃል አልነገሩኝም። አእምሯቸው የተነካ ይመስላታል ብለው ፈርተው እንደነበር የነገሩኝ ዘግይተው ነው።

የሌለ እግር ማመሙ እብደት አይደለም፤ አዲስ ነገርም አይደለም። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ እግራቸው የተቆረጠ ወታደሮች በሌለው አካላቸው ላይ ሕመም እንደሚሰማቸው ጽፎ ነበር፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የቆሰሉትን ያከመው ሳይላስ ዌር ሚቸልም እ.ኤ.አ. በ1871 ለዚህ ስሜት ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን፣ “የእግር ጥላ” ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ስም ሰጥቶታል። አካላቸው ከተቆረጠ ሰዎች አብዛኞቹ የሌለው አካል እንዳለ ሆኖ ይሰማቸዋል፤ ከግማሽ የሚበልጡት ደግሞ ሕመሙም ይሰማቸዋል። እግሩ ቢሄድም በአንጎል ውስጥ የእግሩ ቦታ አልተነሣም፤ የተቆረጡት ነርቮችም መልእክት መላካቸውን አላቆሙም። ስለዚህ ሕመሙ እውነተኛ ሕመም ነው፤ መድኃኒትም አለው፤ በተለይ ለነርቭ ሕመም የሚሰጡና ከተለመደው ማስታገሻ የተለዩ መድኃኒቶች አሉ፤ የኩላሊት ሕመምተኛ ከሆነ ግን መጠናቸውን ሐኪም ሊያስተካክል ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው በቪላያኑር ራማቻንድራን ሥራ የታወቀው የመስታወት ልምምድም አለ፦ መስታወት በሁለቱ እግሮች መካከል በቁመቱ ይቆምና ሕመምተኛው የደህናውን እግር ምስል እያየ ያንቀሳቅሰዋል፤ ዐይን ሁለት እግር ያያል። ሁሉንም አይረዳም። አባቴን ግን በመጠኑ ረድቷቸዋል፤ ከመስታወቱ ይልቅ የረዳቸው ጉቶውን በጣታቸው ጫፍ መታ መታ ማድረግና በለስላሳ ጨርቅ ማሸት እንደሆነ ግን ራሳቸው ይናገራሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ሕመሙ በሌለው እግር ላይ ሳይሆን በጉቶው ላይ ከሆነ፣ ቆዳው ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም ፈሳሽ ካለው፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነውና ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት አለበት።

ይኸው የሚሰማ ግን የሌለ እግር ለመውደቅም ምክንያት ይሆናል። በእንቅልፍ ልብ የተነሣ ሰው ሁለት እግር እንዳለው ሆኖ ከአልጋው ወርዶ ይቆማል። አባቴ በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ ወድቀዋል፤ የወደቁት በጉቶው ጫፍ ላይ ስለነበር የተዘጋው ቁስል ተከፈተና የሰው ሠራሽ እግሩ ልኬት በአንድ ወር ተኩል ዘገየ። ከዚያ በኋላ በአልጋቸውና በበሩ መካከል ወንበር አኖርን፤ ከአልጋ ለመውረድ ሲሞክሩ እጃቸው ወንበሩን ሲነካ ትዝ ይላቸዋል። ትንሽ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይበራል፤ የሽንት ዕቃውም እጃቸው በሚደርስበት ይቀመጣል፤ ከወለሉ ላይም የሚንሸራተት ምንጣፍ ሁሉ ተነሣ። ተሽከርካሪ ወንበርንም በሚመለከት አንድ የማይነገር ነገር አለ፦ እግር ሲጎድል የሰውነት ክብደት ወደ ኋላ ስለሚያደላ፣ ወንበሩ በተለይ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ይህን የሚከላከሉ ከኋላ የሚገጠሙ ትንንሽ እግሮች አሉ፤ መኖራቸውን የሰማነው ግን ከጎረቤት ነው።

ስለ ቁስልና ስለ ፋሻ ይህን ያህል ካልሁ፣ ከዚህ ይልቅ የሚከብደውን ደግሞ ልናገር። አባቴን ተንከባከብን ስንል ሥራቸውን ሁሉ ቀማናቸው። ጢማቸውን እኛ እንላጫለን፤ ልብሳቸውን እኛ እናለብሳለን፤ ሊጠይቃቸው የመጣ ሰው “እንዴት አደሩ?” ሲላቸው “ደህና አድረዋል” ብለን የምንመልሰው እኛ ነን። ውኃ ከጠየቁ ብርጭቆውን አፋቸው ድረስ እናደርሳለን። የተቆረጠው እግራቸው ሆኖ ሳለ እጃቸውንም አፋቸውንም አሳረፍናቸው።

በአምስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ የሱሪያቸውን ባዶ እግር እንደተለመደው ወደ ላይ አጥፌ በመርፌ ቁልፍ ሳያይዝ እጄን ያዙኝ። “ይህ ነገር ይወጋኛል፤ ደግሞም ያስጠላል። መቀሴን አምጪ” አሉ። አመጣሁ። ሱሪውን አውልቀው ጭናቸው ላይ ዘረጉ፤ ከጉቶው አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርገው በጠመኔ አሰመሩ፤ የጨርቁን መስመር በዐይናቸው አስተካክለው መቀሱን ሰደዱት። እኔ መቀሱ ጨርቁ ውስጥ ሲገባ ስሰማ ክፍሉን ጥዬ መውጣት ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው ግን ቅጥነቱ እንዳይዛባ ብቻ ነበር የሚጠነቀቁት። ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፈው በእጃቸው ቀምቅመው ሰፉት፤ የተረፈውን ቁራጭ “ለመጣፊያ ይሆናል” ብለው አጣጥፈው አስቀመጡ። ከዚያ የቀሩትን ሦስት ሱሪዎች አስመጡኝ። ለወራት ካደረግሁላቸው ነገር ሁሉ፣ መቀሱን አምጥቼ ዝም ማለቴን ያህል የጠቀማቸው ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ጢማቸውን የሚላጩት ራሳቸው ናቸው፤ እጃቸው አንዳንድ ቀን ስለሚንቀጠቀጥ ትንሽ ይቆርጣቸዋል፤ እኛም እንዳላየን እንሆናለን።

እግር ማጣት ሐዘን አለው፤ ሐዘኑም የሰው ሐዘን ይመስላል። ሊጠይቋቸው የሚመጡ ሰዎች ሁሉ “ዋናው ነፍስዎ መትረፉ ነው” ሲሏቸው አባቴ በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ እንግዳው ሲወጣ ግን ወደ ግድግዳው ይዞሩ ነበር። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለተቀበረው እግር ለማዘን ጊዜ አይሰጥም። ሐዘኑ ከሳምንታት አልፎ እንቅልፍ ሲነሣ፣ ምግብ ሲያስጠላ፣ ሰውየው መድኃኒቱንና እጥበቱን “ይቅርብኝ” ማለት ሲጀምር ግን ነገሩ ሐዘን ብቻ ላይሆን ይችላልና የድባቴ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ቤተሰቡ ሊያውቅ ይገባል። አባቴ አንድ ቀን እጥበት አልሄድም ብለው ነበር። ያን ጊዜ የረዳን፣ በእጥበት ክፍሉ የተዋወቅናቸውና ከስድስት ዓመት በፊት እግራቸው የተቆረጠ አንድ አዛውንት መጥተው ከአባቴ ጋር ብቻቸውን አንድ ሰዓት መቀመጣቸው ነው። በኋላ እንደተረዳሁት አባቴ የጠየቋቸው እኛን አንድም ጊዜ ጠይቀውን የማያውቁትን ነው፦ ሌሊት መጸዳጃ ቤት እንዴት እንደሚኬድ፣ ገላ እንዴት እንደሚታጠቡ፣ ሚስት ጉቶውን ስታይ ምን እንደሚሰማ። ለእነዚህ ጥያቄዎች ልጅ መልስ የለውም፤ ቢኖረውም አባት ልጁን አይጠይቅም።

ሁሉም ዐይን በተቆረጠው እግር ላይ ሲያርፍ የሚረሳው ደህናው እግር ነው። አንዱን እግር ያሳጣው የደም ሥርና የነርቭ ሕመም በሌላውም ውስጥ አለ፤ አሁን ደግሞ ሸክሙ ሁሉ በእሱ ላይ ወድቋል። ስለዚህ በየማታው የአባቴን ቀኝ እግር በባትሪ ብርሃን አያለሁ፤ ጣቶቹን ገልጬ፣ ተረከዙን ዳብሼ፣ በተለይም መቅላት፣ መሰንጠቅና እርጥበት እንዳለ እመለከታለሁ። በባዶ እግር አንዲት እርምጃ እንኳ አይራመዱም፤ ጫማቸውን ከማድረጋቸው በፊት በእጃቸው ውስጡን ይፈትሻሉ፤ የውኃ ሙቀት የሚለካውም በእግር ሳይሆን በክርን ነው።

ሰው ሠራሽ እግሩ የመጣው በስምንተኛው ወር ነው። ቤተሰቡ እግሩ ሲመጣ ሁሉም ነገር ያበቃል ብሎ ስለሚጠብቅ ብስጭቱም ያኔ ይመጣል። ጉቶው ቅርጹን እስኪጨርስ ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያ መካከል የሚገባበት ማቀፊያ ይሰፋና ካልሲ በላይ በላዩ እየተደረበ ይሞላል። በእጥበት ላይ ላለ ሰው ደግሞ የጉቶው መጠን በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይለዋወጣል፦ ከእጥበት በፊት ውኃ ስለያዘ እግሩ አልገባ ይላል፤ ከእጥበት በኋላ ይሟሽሽና ሁለት ካልሲ ተጨምሮም ይወዛወዛል። አባቴ በልብስ ሰፊ ልማዳቸው የትኛው ቀን ስንት ካልሲ እንደሚፈልግ በትንሽ ደብተር መዝግበው ይዘዋል፤ እግሩን የሠራላቸው ባለሙያም ደብተሩን አይቶ ማቀፊያውን ያስተካከለው በዚያ መሠረት ነው። አሁን በእጥበት ማግስት፣ ጠዋት ላይ፣ አንድ ሰዓት ያህል ይራመዱበታል፤ በሌላው ጊዜ በተሽከርካሪ ወንበር ይንቀሳቀሳሉ። ወንበሩን እንደ ሽንፈት የሚቆጥሩ ዘመዶች አሉን፤ እኔ አልስማማም። ልቡ የደከመ ሰው የቀረችውን ኃይል ሰው ፊት ለመቆም ከሚጨርሳት፣ ተቀምጦ መኪናው ላይ ቢሰፋባት ይሻላል። አባቴም እንዲሁ እያደረጉ ነው፤ የስፌት መኪናውን መርገጫ የሚረግጡት በቀኝ እግራቸው ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ ቀንሷል፤ ስፌቱ ግን ያው ነው።

ስለ አስታማሚው ድካም ብዙ አልልም። ከወንድሞቼ ጋር ተጣልተናል፣ ታርቀናል፤ እኔም አንድ ሌሊት በአባቴ ላይ ጮኼአለሁ። ተራ አውጥተን መሥራት ከጀመርንና እያንዳንዳችን በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ከቤት መውጣት ከጀመርን ወዲህ ግን ጩኸቱ ቀንሷል።

የምጠይቀው ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ26ኛው አንቀጹ የተሐድሶ አገልግሎት በተቻለ መጠን ገና ከጅምሩ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ጅምሩ ማለት ለእኔ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ማለት ነው። እግር የሚቆርጥ ማንኛውም ሆስፒታል፣ ሕመምተኛውን ከማሰናበቱ በፊት ቤት ውስጥ የሚያስታምመውን ሰው ጠርቶ፣ ፋሻውን በገዛ እጁ እንዲጠመጥም፣ ሕመምተኛውን ከአልጋ ወደ ወንበር እንዲያሻግር፣ እግሩን አስተካክሎ እንዲያስተኛ፣ ደህናውን እግር እንዲፈትሽ ያድርግ፤ አስታማሚው ይህን ሠርቶ ሳያሳይ የመውጫው ወረቀት አይፈረም። ስለሌለው እግር ሕመምም ለሕመምተኛውም ለቤተሰቡም አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ከተቻለም በዚያ መንገድ ያለፈ አንድ ሰው መጥቶ እንዲያነጋግራቸው ይደረግ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እኛን ለማስተማር የወሰደባት ጊዜ በሙሉ ቢደመር ከሦስት ሰዓት አይበልጥም፤ ባለመማራችን የባከነው ግን ሦስት ወር ነው። ጋዜጣችሁም በጤና ዐምዱ፣ ፋሻው ሲጠመጠም ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ሥዕል ቢያወጣ፣ ቆርጠው ግድግዳቸው ላይ የሚለጥፉት ብዙ ቤቶች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለአባቴ አነበብሁላቸው፤ ስለ እሳቸው ኮሪደር ላይ መነጋገር ከተውን ቆይተናልና። ዐይናቸው ስለደከመ ጎኔ ተቀምጠው ያዳመጡ ሲሆን፣ አንድ አንቀጽ ሙሉ በሙሉ እንዳወጣ አዘዙኝ፤ አወጣሁት። ስለ ሱሪው በጻፍሁት ላይ ጠመኔው ነጭ ሳይሆን ሰማያዊ እንደነበረ ነገሩኝ፤ ነጭ አላልሁም ብዬ ተከራከርሁ። ስለ መውደቃቸው ከጻፍሁት ላይ ስደርስ ደግሞ አስቆሙኝና ቁጥሩን እንዳስተካክል ነገሩኝ። ከላይ ያለውን እንደነበረ ትቼ እርማታቸውን እዚህ አስፍሬዋለሁ፦ “የወደቅሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛውን አንቺ አታውቂውም።”

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አስታማሚ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይቆይልኝ)